ሰባት ቤት የሚቆጥር ልጅ ምን ይቀረዋል? የቤተሰብ ታሪክ ጥናት ለመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች

የ7ኛ ወይም የ8ኛ ክፍል ተማሪ ያለበት ቤት ውስጥ አንድ ማታ ድንገት የሚነሣ ጥያቄ አለ። ልጁ ደብተሩን ዘርግቶ «የአያቴ አባት ስማቸው ማን ነበር?» ይላል። አባት ሦስት ስሞችን ያለ ችግር ይዘረዝራል፣ አራተኛው ላይ ያመነታል፣ እናት ወደ ገጠር ስልክ ትደውላለች፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ዛፍ መስሎ በተሣለው ገበታ ላይ ያሉት ሳጥኖች በስም ይሞላሉ፣ በማግሥቱም ሥራው ለመምህሩ ይቀርባል። ብዙ ወላጆች የቤተሰብ ታሪክ ጥናት የሚባለው ይኸው ይመስላቸዋል፤ አንዳንድ መምህራንም እንደዚያው ይቀበሉታል። ነገር ግን ልጁ በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ስም ቀዳ እንጂ ጥናት አልሠራም።

ይህ ጽሑፍ ጥናቱ በእርግጥ ምን እንደሆነ፣ በእኛ አገር አሰያየምና አቆጣጠር ውስጥ ለምን ከሚታሰበው በላይ ውስብስብ እንደሚሆን፣ አንድ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅም እንዴት ሊሠራው እንደሚችል ያብራራል።

ስም መዘርዘርና ታሪክ ማጥናት በምን ይለያያሉ?

ሦስት ቃላትን አስቀድሞ መለየት ይጠቅማል። የዘር ሐረግ የምንለው ማን ከማን እንደተወለደ የሚያሳየውን የስም ሰንሰለት ነው። የቤተሰብ ታሪክ ደግሞ በዚያ ሰንሰለት ላይ ያሉት ሰዎች የት እንደኖሩ፣ ምን ሠርተው እንዳደሩ፣ ከየት ወደ የት እንደሄዱና ለምን እንደሄዱ የሚናገረው ነው። ሦስተኛው ቃል ምንጭ ሲሆን፣ አንድን ነገር እንድናውቅ ያስቻለን ማንኛውም ነገር በዚህ ስም ይጠራል፤ የአያት ንግግር፣ የቆየ ፎቶግራፍ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የመቃብር ጽሑፍ ሁሉ ምንጮች ናቸው።

ትምህርቱ ያለው በሦስተኛው ቃል ላይ ነው። የታሪክ መምህሩ ልጁ የቅድመ አያቱን ስም ማወቁ ብቻ አያረካውም፤ «ይህን በምን ታውቃለህ?» ተብሎ ቢጠየቅ መመለስ መቻሉን ነው የሚፈልገው። በሽምግልና ወይም በችሎት ፊት የቆመ ምስክር «ያየኸውን ነው ወይስ የሰማኸውን?» ተብሎ እንደሚጠየቀው ሁሉ፣ የቤተሰብ ታሪክ አጥኚም ለእያንዳንዱ ስምና ለእያንዳንዱ ዓመት ይህ ጥያቄ ይቀርብለታል። በቦረና ኦሮሞ ዘንድ ታሪክን በቃል ይዘው ለትውልድ የሚያስተላልፉ አዋቂዎች «አርጋ ደጌቲ» በሚባለው ዕውቀት ይታወቃሉ፤ የቃሉ ፍች «የታየና የተሰማ» ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ የምንጭ አከፋፈል ለ7ኛ ክፍል ልጅ ማግኘት ይከብዳል።

ሰባት ቤት መቁጠር ከቻልን ምን ይቀረናል?

ብዙ የኢትዮጵያ ቤተሰቦች ዘር ቆጠራን ያውቁበታል። በሶማሌ ዘንድ «አብቲርሲ» የሚባለውን የአባት ሐረግ ልጆች ገና በትንሽነታቸው በቃላቸው ይይዙታል፤ በኦሮሞም የአባቶችን ስም ወደ ላይ መቁጠር የቆየ ልማድ ነው። በአማራና በሌሎችም ማኅበረሰቦች ጋብቻ የሚፈቀደው ከሰባት ቤት በኋላ ነው ስለሚባል፣ ሙሽራና ሙሽሪት ከመጠያየቃቸው በፊት ሽማግሌዎች ዝምድናውን ይቆጥራሉ። ከቅድመ አያት በላይ ላሉትም ምንዥላት፣ እንጅላት እየተባለ የሚሄድ የስም ተርታ አለ፤ አጠራሩና ቅደም ተከተሉ ግን ከአካባቢ አካባቢ ስለሚለያይ ልጁ በቤተሰቡ የሚባለውን እንደሰማው ቢጽፍ ይሻላል።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ሰው 2 ወላጆች፣ 4 አያቶች፣ 8 ቅድመ አያቶች አሉት፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ይህ አኃዝ እየተባዛ 16፣ 32፣ 64 እያለ በሰባተኛው ቤት 128 ይደርሳል። እነዚህ ሁሉ ሲደመሩ 254 ሰዎች ይሆናሉ፤ በመካከል የተዛመዱ ካሉ አንዱ ሰው ሁለት ቦታ ስለሚቆጠር ትክክለኛው ቁጥር ከዚህ ሊያንስ ይችላል። «ሰባት ቤት እቆጥራለሁ» የሚለው ልጅ የሚያውቀው የአባቱን፣ የአባቱን አባት፣ የዚያን አባት እያለ ሰባት ወንዶችን ነው። ከ254ቱ ሰባቱን ብቻ ማለት ነው። ዓባይን ከሰከላ ምንጩ ተነሥቶ በዋናው ወንዝ ብቻ ተከትሎ እንደሚወርድ ሰው፣ በሽሎ፣ ጀማ፣ ሙገር፣ ጉደር፣ ዴዴሳ ከየአቅጣጫው እየገቡ እንደሚሞሉት ሳያይ ያልፋል።

ከሰባቱ ውስጥ አንዲትም ሴት እንደሌለች አንባቢው ልብ ሳይል አልቀረም። የአሰያየማችን ውጤት ነው፤ የልጅ ስም ከአባትና ከአያት ስም ጋር ሲያያዝ የእናት ስም የሚገባበት ቦታ የለውም። ሆኖም ይህ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በሰሜኑ የርስት ሥርዓት አንድ ሰው መሬት ለመጠየቅ ከአቅኚው አባት መወለዱን ማስረዳት ይጠበቅበት የነበረ ሲሆን፣ ትውልዱ በአባትም በእናትም በኩል ይቆጠርለት ነበር። ስለዚህ የሴት ቅድመ አያትን ስም ማወቅ ማሳ ያስገኝ ነበር፤ ዘር ቆጣሪ የሆኑ ሽማግሌዎችም በክርክር ጊዜ ተፈላጊ ነበሩ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ይህ የርስት ክርክር አበቃ፤ ዘር መቁጠርም ዋናውን ጥቅሙን አጣ። የዛሬው ተማሪ አያት ብዙ ስም ሲያውቁ የልጁ አባት ሦስት ብቻ የሚያውቅበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ለተማሪው የሚሰጠው ምክር አጭር ነው፦ ከአባት መሥመር ሰባት ቤት ከመውጣት ይልቅ በአባትም በእናትም በኩል ሦስት ቤት መሙላት ይበልጣል። አሥራ አራት ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹን በአካል የሚያውቅ ሰው ዛሬም አለ።

አንድ ሰው ስንት ስም ሊኖረው ይችላል?

ከውጭ አገር መጻሕፍት የተቀዳው የቤተሰብ ዛፍ ገበታ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን አለው። እኛ ጋ ግን ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ የሚወርድ የቤተሰብ ስም በልማድ የለም፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ቢደነግግም ኑሮው በአሮጌው መንገድ ቀጥሏል። ስማችን ተንሸራታች ነው፤ ልጅ ሲወለድ አንድ አዲስ ስም ከፊት ይጨመርና አንድ ከኋላ ይወድቃል። ይህ ለአጥኚ ችግርም ጥቅምም ነው። ችግሩ ሁለት ወንድማማች አያቶች የልጅ ልጆቻቸው በስም የማይገናኙ መሆናቸው ሲሆን፣ ጥቅሙ ደግሞ እያንዳንዱ የመታወቂያ ወረቀት ሦስት ትውልድ በአንድ መሥመር ተሸክሞ መገኘቱ ነው።

ከዚህ በላይ የሚያስቸግረው አንዱ ሰው በልዩ ልዩ ስም መጠራቱ ነው። በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ የክርስትና ስም ይወጣላቸዋል፤ ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ወለተ፣ አመተ እያለ የሚጀምረው ይህ ስም በጸሎትና በፍትሐት ጊዜ እንጂ በቀበሌ አይታወቅም። ቤት ውስጥ የቁልምጫ ስም አለ። ትምህርት ቤት ሲገቡ መዝጋቢው የሰማውን ስለሚጽፍ ሦስተኛ ስም ሊወለድ ይችላል። በአንዳንድ አካባቢ ሙሽራ ወደ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች፤ በዚህም የተነሣ የልጅ ልጆቿ የሚያውቋት በትውልድ መንደሯ በማትታወቅበት ስም ይሆናል። መኳንንትና ጦረኞች ደግሞ የፈረስ ስም ነበራቸው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል እንደሚባሉት ሁሉ፣ ከተራው ዘማች መካከልም በ«አባ» ስም ብቻ የሚታወስ ቅድመ አያት ያለው ቤተሰብ ይኖራል።

ስለዚህ ልጁ በእያንዳንዱ ሰው ስም ሥር «ሌላ ስም» የሚል መሥመር ይተው። ሁለት ሰዎች የመሰሉት አንድ ሰው ሆነው የሚገኙት በዚህ መሥመር ላይ ነው።

አያቴ የተወለዱበትን ዓመት የማያውቁ ከሆነስ?

ይህ ከሁሉ የሚያስቸግረው፣ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚጥመው ክፍል ነው። አያት «ቀኑን አላውቀውም» ሲሉ ልጁ «አይታወቅም» ብሎ ጽፎ ያልፋል። አያት ግን የማያውቁት የዓመቱን ቁጥር ነው እንጂ ዘመኑን አይደለም። ሰዎች ዕድሜያቸውን በትልልቅ ክስተቶች ላይ ያንጠለጥሉታል፤ ክስተቶቹ ግድግዳ ላይ እንደተመቱ ሚስማሮች ናቸው፣ ቦታቸው አይለወጥም፣ የቤተሰቡ ትዝታ ደግሞ በእነሱ ላይ ተሰቅሎ ይኖራል። ተማሪው የሚስማሮቹን ቦታ ካወቀ ትዝታውን ወደ ዓመት ሊመልሰው ይችላል።

ዋና ዋናዎቹ ሚስማሮች እነዚህ ናቸው። ከብት ያለቀበትና ረኃብ የወረደበት ክፉ ቀን በ1880 ገደማ ጀምሮ እስከ 1884 ገደማ የዘለቀ ነው። የኅዳር በሽታ በ1911 ዓ.ም. የገባው የዓለም ወረርሽኝ ሲሆን፣ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እያቃጠልን «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው የዚያ መታሰቢያ ነው። ማይጨው መጋቢት 1928፣ የጣሊያን አዲስ አበባ መግባት ሚያዝያ 27 ቀን 1928፣ ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው የገቡት ከአምስት ዓመት በኋላ በዚያው ቀን በ1933 ነው። የታኅሣሥ ግርግር የሚባለው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በ1953፣ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ በ1967፣ መሠረተ ትምህርት በ1971 ተጀመሩ፤ በወሎና በትግራይ «ሰባ ሰባት» የሚባለው ረኃብ በስሙ ዓመቱን ይዟል። በየአካባቢው ደግሞ የራሱ ሚስማር አለ፤ ድልድዩ የተሠራበት፣ ታቦቱ የገባበት፣ ወንዙ ሞልቶ ከብት የወሰደበት ዓመት።

ሁለተኛው መሣሪያ የወንጌላውያን ዘመን ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ዓመታት በማቴዎስ፣ በማርቆስ፣ በሉቃስና በዮሐንስ ስም በየአራት ዓመቱ ይዞራሉ። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍሎ የሚቀረውን ማየት ይበቃል፤ 1 ከቀረ ማቴዎስ፣ 2 ከቀረ ማርቆስ፣ 3 ከቀረ ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ ነው። ቀኑን ደግሞ በዓሉ ይነግረናል፤ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም ነው።

እነዚህን አንድ ላይ እንሞክራቸው። አንዲት አዲስ አበባ ዳር ያደጉ አያት እንዲህ አሉ እንበል፦ «የተወለድሁት በዘመነ ሉቃስ፣ በጥር ሚካኤል ነው አሉኝ። ጣሊያን ሲወጣ አልነበርሁም። በታኅሣሥ ግርግር ጊዜ ግን ታናሽ ወንድሜን አዝዬ ውኃ ስወርድ ተኩስ ሰምቻለሁ፤ ገና አልተዳርሁም ነበር።» ከ1933 በኋላና ከ1953 በፊት ያሉት የሉቃስ ዓመታት 1935፣ 1939፣ 1943፣ 1947 እና 1951 ናቸው። በ1951 የተወለደች ልጅ በታኅሣሥ 1953 ሁለት ዓመት አልሞላትም፣ ሕፃን ማዘል ቀርቶ ራሷ የምትታዘል ናት። የ1947ቷ ስድስት ዓመት ሊሞላት የቀረባት ነች፣ ይህም ያጠራጥራል። የ1935ቷ ወደ አሥራ ስምንት ተጠግታለች፣ በዚያ ዘመን እስከዚያ ዕድሜ ሳይዳሩ መቆየት ብዙም የተለመደ አልነበረም። የሚቀሩት 1939 እና 1943 ናቸው። የአያትን እኩያ አግኝቶ አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ ልጁ ከሁለቱ አንዱን ሊመርጥ ይችል ይሆናል፤ ካልቻለ «ጥር 12 ቀን፣ 1939 ወይም 1943» ብሎ ይጽፋል። ይህ ያልተሟላ መልስ አይደለም። «አይታወቅም» ከሚለውም፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ አንድ የተረጋገጠ መሳይ ዓመት ከመጻፍም የተሻለ የተሟላ መልስ ነው።

በሙስሊም ቤተሰብ ሌላ መሣሪያ አለ። የሂጅራ ዓመት በጨረቃ ስለሚቆጠር 354 ወይም 355 ቀናት ብቻ ነው፤ በዚህም ምክንያት ረመዳንና አረፋ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት እየቀደሙ ወቅቶችን ሁሉ በ33 ዓመት ገደማ ይዞራሉ። ረመዳን በሐምሌ የመጀመሪያ ቀናት የገባው በ1940፣ በ1972 እና በ2005 ነው። «በክረምት አጋማሽ፣ በጾም ወር ተወለድሁ» የሚሉ አዛውንት እንግዲህ በ1940 ዙሪያ ካሉት ጥቂት ዓመታት በአንዱ ተወልደዋል ማለት ነው፤ በ1972 ከተወለዱ ገና አዛውንት አልሆኑምና።

ሰባት ዓመት ነው ወይስ ስምንት?

በእኛና በአውሮፓውያን አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው። የታኅሣሥ ግርግር የ1953 ሲሆን በአውሮፓውያን 1960 ነው፤ ከላይ የጠቀስናቸው አያት ግን በጥር 1943 ተወልደው ከሆነ የልደታቸው ዓመት 1951 ይሆናል። ስሕተቱ በአብዛኛው የሚፈጠረው ዓመቱ በመቀየሩ ሳይሆን ሁለት ጊዜ በመቀየሩ ነው፤ ፓስፖርት ላይ በአውሮፓውያን የተጻፈን ዓመት አንዱ የኢትዮጵያ መስሎት ስምንት ይጨምርበታል፣ ሰውየውም በወረቀት ስምንት ዓመት ወጣት ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ እያንዳንዱን ዓመት ምንጩ ላይ በተገኘበት አቆጣጠር መጻፍና ከጎኑ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ማለት።

መስከረም 1 የልደት ቀን ሆኖ የተጻፈበትን መታወቂያም መጠራጠር ተገቢ ነው። ቀኑን የማያውቅ ሰው ሲመዘገብ የተሰጠ ቀን ሊሆን ይችላል። በውጭ አገር በስደተኝነት በተመዘገቡት ዘንድ የዚህ አቻ ጃንዋሪ 1 ነው።

የተጻፈ ነገር የት ይገኛል?

በሌሎች አገሮች ያሉ ተማሪዎች የመቶ ዓመት የልደት መዝገብ ይፈልጋሉ፤ የእኛ ተማሪ ይህን ከመጠበቅ ይቆጠብ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በአገር አቀፍ ደረጃ መመዝገብ የጀመሩት በሐምሌ 2008 መጨረሻ ነው። ዛሬ በመካከለኛ ደረጃ ከሚማሩት ልጆች ብዙዎቹ እንኳ የተወለዱት ከዚያ በፊት ነው።

ወረቀት ግን በየቤቱ አለ፣ የሚፈለገው በሌላ ስም ነው። የግብር ደረሰኝ፣ የጡረታ ደብተር፣ የጋብቻ ውል፣ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርድ፣ የሠራዊት ስንብት ወረቀት፣ የክርስትና ካርድ በሣጥን ሥር ተጠቅልለው ይገኛሉ። ብዙ ሰው የሚረሳው የዕድር መዝገብ ነው፤ አባሉ መቼ እንደገባ፣ ለማን ሞት ገንዘብ እንደተከፈለው በውስጡ ሊኖር ይችላል፣ የዕድሩን ጸሐፊ በአክብሮት መጠየቅ ደግሞ ለልጅ አያስቸግርም። የፎቶግራፍ ጀርባ መገልበጥም አይርሳ፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተምና በእስክሪብቶ የተጻፈች አንዲት መሥመር ከፊቱ ምስል ይልቅ ብዙ ትናገራለች። አዲስ አበባ ያለ ተማሪ በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተውን ወመዘክርን፣ ማለትም ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትን ሄዶ ሊያይ ይችላል፤ ከግንቦት 1933 ጀምሮ የሚታተመው አዲስ ዘመን ጋዜጣም አያት የተረኩትን ክስተት ቀን ለማረጋገጥ ይጠቅማል።

አያትን እንዴት ይጠይቋቸዋል?

ቡና እስኪፈላ መጠበቅ ጥሩ ነው። ቀልድ አይደለም፤ አያት ብቻቸውን ከሚናገሩት ይልቅ ጎረቤት ሲያዋጣ፣ ሲያርም፣ «የለም፣ እሱ እንኳ ከጠለፋው በኋላ ነው» ሲል የሚወጣው ይበዛል። ልጁ ድምፅ በስልክ ለመቅዳት አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቅ። አያት በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ወይም በጉራጊኛ የሚተርኩ ከሆነም በዚያው ቋንቋ ይስማ፣ ትርጉሙን በኋላ ይሥራ።

የጥያቄው አወራረድ ውጤቱን ይወስናል። «ድሮ ኑሮ ጥሩ ነበር?» ለሚለው መልሱ «አዬ ልጄ፣ ድሮማ!» ነው፣ ከዚያ የሚቀጥል ነገር የለም። «እማማ፣ ያደጉበት ቤት በር በየት በኩል ነበር? ማታ ማን የት ይተኛ ነበር? ገበያው ምን ቀን ይውል ነበር? በእግር ስንት ሰዓት ይወስድ ነበር?» ቢባሉ ግን ትዝታው እግር አውጥቶ ይሄዳል። ቦታ ሰው ያስታውሳል፣ ሰው ደግሞ ጊዜ ያስታውሳል።

ልጁ ማስታወሻውን ሲጽፍ በእያንዳንዱ ነገር አጠገብ «አየ»፣ «ሰማ» ወይም «ወረቀት» ብሎ ምልክት ያድርግ። አያት በ1953 ተኩስ መስማታቸው፣ ራሳቸው በቦታው ስለነበሩ፣ «አየ» ነው። አባታቸው ማይጨው መዝመታቸው «ሰማ» ነው፣ የዘማች ሜዳይ በሣጥን ውስጥ ከተገኘ ግን ወደ «ወረቀት» ይጠጋል። የሁለት ዘመዶች ቃል ቢጋጭ አንዱን ትክክል ለማድረግ መቸኮል አያስፈልግም፤ ሁለቱንም ጽፎ የትኛው ለነገሩ ቅርብ እንደነበረ ማመዛዘን ራሱ የጥናቱ ዋና ሥራ ነው። ሁሉም ቤተሰብ ከአንድ ታላቅ ጀግና ወይም ከነገሥታት እንደሚወለድ የሚነገርበት አገር ላይ ስላለን፣ «ሰማ» የምትለው ምልክት ብዙ ትጠቅማለች።

በውጭ አገር ላሉ ልጆች ምን ይለያል?

በእስራኤል ይህ ሥራ ከ7ኛ ክፍል ገደማ ጋር የተያያዘ የታወቀ የትምህርት ቤት ልማድ ነው። «አቮዳት ሾራሺም»፣ በእኛ አነጋገር «የሥረ መሠረት ሥራ» ይባላል፤ ልጆች ባር ሚጽቫ ወይም ባት ሚጽቫ ወደሚሆኑበት፣ ማለትም በአይሁድ ሃይማኖት እንደ አዋቂ ወደሚቆጠሩበት 12 እና 13 ዓመት ሲደርሱ የአያቶቻቸውን መንገድ ያጠናሉ። ለቤተ እስራኤል ልጆች ጥያቄው ከገበታው ይሰፋል። አያቶቻቸው ከጎንደር ወይም ከትግራይ በእግር ሱዳን ደርሰው፣ ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል የተጓዙ፣ ወይም በግንቦት 1983 በአንድ ቀን ተኩል ከ14,000 በላይ ሰዎችን ከአዲስ አበባ ባወጣው የሰሎሞን ዘመቻ የተሳፈሩ ሊሆኑ ይችላሉ። በሱዳን መንገድ ላይ የቀሩት ወደ 4,000 የሚጠጉ እንደሆኑ ይነገራል፤ መታሰቢያቸው በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ ይገኛል። ብዙዎች እንደደረሱ የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው፣ የአያት ስምም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተመዘገበ፤ የተገመተ የልደት ቀንም ተጻፈላቸው። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ የመታወቂያው ስምና አያት የሚጠሩበት ስም ሁለት ሲሆኑ ልጁ ሁለቱንም ይይዛል፤ መንገዱን በካርታ ላይ መሣልም ለዚህ ቤተሰብ ከዛፍ ገበታ ይልቅ ይስማማዋል።

በአሜሪካ ያሉት ችግራቸው ቀለል ያለ፣ ግን የሚያናድድ ነው። መምህሯ ልጁ፣ አባቱና እናቱ ለምን ሦስት የተለያየ የቤተሰብ ስም እንዳላቸው ትጠይቃለች። ልጁ «እኛ ጋ ሁለተኛው ስም የአባት ነው፤ እናቴም አግብታ ስሟን አትለውጥም» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ከቻለ ጥናቱን ከወዲሁ ጀምሮታል።

ቤተሰቡ ሊናገረው የማይፈልገው ነገር ቢኖርስ?

ይኖራል። በቀይ ሽብር ወይም በጦርነት የጠፋ አጎት፣ የተጣላ ወንድም፣ ማንነቱ የማይነገር አባት በብዙ ቤት አለ። አያት «ይቅር ልጄ» ካሉ ይቅር ማለት ነው፤ ተማሪ መርማሪ አይደለም። መምህሩ ደግሞ ወላጆቹን የማያውቅ፣ በጉዲፈቻ ያደገ ወይም በአክስት ቤት የሚኖር ልጅ በክፍሉ ሊኖር እንደሚችል ሥራውን ከመስጠቱ በፊት ያስብ። «ያሳደገኝ ሰው ታሪክ» ወይም «የሰፈሬ አንድ አዛውንት ታሪክ» የሚል አማራጭ ለሁሉም እኩል ቢቀርብ፣ ያ ልጅ ተለይቶ አይታይም፣ ምንጭ የማመዛዘኑ ትምህርትም አይጓደልም። ዘርና ጎሣን የሚነካ መረጃ በክፍል ፊት እንዲነበብ ማስገደድ ተገቢ አይደለም። በሕይወት ያሉ ሰዎች ሙሉ ስምና የልደት ቀን በማኅበራዊ ሚዲያ እንዳይለጠፍም ወላጅ ይጠንቀቅ።

የሚቀርበው ሥራ ምን ይመስላል?

አሥራ አራት ሰዎችን የያዘ የሐረግ ገበታ፣ ከእነርሱ የአንዱን ወይም የአንዲቱን ሕይወት የሚተርክ ሁለት ሦስት ገጽ፣ የአገሩና የመንገዱ ካርታ፣ እንዲሁም የትኛው ነገር ከማን እንደተገኘ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ይበቃል። ባዶ የቀሩ ሳጥኖች ነጥብ ሊያስቀንሱ አይገባም፤ ልጁ «እናቷን ማንም አያስታውሳትም፣ ሦስት ሰው ጠይቄአለሁ» ብሎ የጻፈበት ባዶ ሳጥን በግምት ከተሞላው ይበልጣል።

ለመምህሩ ከመሰጠቱ በፊት አንድ ነገር ይቀራል። ልጁ የጻፈውን ለአያት ጮክ ብሎ ያንብብላቸው። አያት በመካከል «እሱማ አይደለም» ብለው ያቋርጡታል፣ አንድ ስም ያርማሉ፣ ረስተውት የነበረ አንድ ሰው ይጨምራሉ፤ እርማቱም ሳይደለዝ በገጹ ኅዳግ ላይ ከነቀኑ ይጻፍ።